የሴቶቹ ካራ

ጥር 14 ቀን 1980፣ ሐይቅ

...አያቴም ካራዋን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ነበር የምትሄደው። በእኛ አገር ካራው የሴቶቹ ነው፤ ማረድ ግን የወንድ ስለሆነ ዶሮ ይዘው መንገድ ላይ ወንድ ይጠብቃሉ። ትናንት እማዬ መጠበቁ ሰለቻት። ብሔራዊ ውትድርናን ሸሽቼ ጓዳ የተደበቅሁት እኔ አረድሁላት።

ዛሬ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ላባውን ደጅ ላይ አየ።

«ማን አረደልሽ፣ እትዬ ዘነቡ?»

«ራሴ።»

«እሰይ፣ ወንድ ወጥቶሻል።» ከጓሮ ሌላ ዶሮ ይዞ ሰጣት። «እስቲ እንይሽ።»

በግድግዳው ቀዳዳ አየኋት። ካራውን እያመላለሰች ገዘገዘቻት። ዶሮዋ አንገቷ ሳይቆረጥ አምልጣ ሮጠች። ሊያዩ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሳቁ።

«ልጅሽን ታመጪዋለሽ ወይስ ማታ መጥቼ ልፈልገው?» ብሏት ሊቀመንበሩ ሄደ።

እማዬ ገባች። ወደ እኔ ግን አላየችም።

«አንተ በአንድ ጊዜ ነው የቆረጥካት» አለች።

ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ በሩን ከውጭ ቆለፈችው። በቀዳዳው ሳያት ወደ ሊቀመንበሩ ቤት እያመራች ነበር።