ገጽ ሠላሳ አንድ

ጥቅምት 6 ቀን 1955 ዓ.ም.

ዛሬም እንደ ትናንት። ጠዋት ሙቀት፣ ከሰዓት ሙቀት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የማታ ክፍል፣ እንግሊዝኛ። ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች፣ ግማሹ ከባቡሩ ጋራዥ፣ ግማሹ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ። ከሥራ በቀጥታ ነው የሚመጡት። እጃቸው ዘይት፣ ፀጉራቸው ጥጥ።

ትምህርቱ፦ ስምና ተከታዩ። በእኛ ቋንቋ "ለ" እና "በ" ከፊት ይመጣሉ። በእንግሊዝኛ ግን መጀመሪያ ነገሩ ከነጌጡ፣ ስሙ ከነቅጽሉ ማለት ነው፣ ይቆማል፣ ትንሿ ቃል ከኋላው ትከተላለች። "ኤ ግሬት ዲማንድ ፎር ወተር"፣ ትልቅ የውሃ ፍላጎት። ለፍላጎት "ፎር"። ለፍርሃት ግን "ኦፍ"። ለዝንባሌ ደግሞ "ኢን"። ለምን? አሉኝ። እኔስ መቼ አውቃለሁ... ልማድ ነው፣ ሸምድዱ አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

ዋበሪ እጁን አወጣ። ፉርጎ አያያዥ ነው፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ወንበር ላይ የሚቀመጠው። መምህርት ለማለት መዐሊማ ይለኛል።

"አንቺ መዐሊማ፣ ይሄማ የኛ ሥራ ነው። ፉርጎው የፈለገ ቀለም ቢቀባ፣ ከኋላው መያዣ ከሌለው ምን ይጎትታል? መያዣው ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። የቱ ለየቱ እንደሆነ እጅህ ነው የሚለምደው።"

ከእኔ የተሻለ ተናገረ። ደብተሬ ላይ ከነስሙ ጻፍኩት።

የዝግጅት ደብተሬ ሠላሳኛ ገጽ ላይ ደርሷል። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ምሳሌ። ምሳሌው ደግሞ እውነት መሆን አለበት፣ የፈጠራ ምሳሌ ከጭንቅላት ይጠፋል። የዋበሪ ጅቡቲ የመሄድ ጉጉት። እናቴ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ የምትፈራው ፍርሃት። ሁለት ዓመት ሙሉ የለቀምኩት ነው።

ጥቅምት 9

ጥሩወርቅ መጣች! አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት አራት ዓመት አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። እኛው ትምህርት ቤት ቀን ላይ አንደኛ ክፍል እንድታስተምር ተመድባለች።

ቤት ይዣት መጣሁ። ስታወራላት እናቴ ከሳቋ ብዛት ወንበር ያዘች። እኔ ለእናቴ እንዲያ ያለ ሳቅ አምጥቼላት አላውቅም። ጥሩወርቅ ከሄደች በኋላ፣ "አስካለ፣ አንቺስ እንደሷ ፈታ ብትይ ምን አለበት?" አለችኝ።

ምን አለበት...

የዛሬውን ምሳሌ ጻፍኩ። ገጽ 31። እውነት መሆን አለበት ብዬ የለ? ጻፍኩት።

ጥቅምት 15

ጥሩወርቅ ደብተሬን ለሁለት ቀን ተዋሰችኝ። ዝግጅት እንዴት እንደሚጻፍ ልይበት ብላ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሰጠኋት።

ጥቅምት 16

ገጽ 31! እንዴት ረሳሁት? ቤቷ ድረስ ሄድኩ፣ የለችም። ሳታየው ትመልስልኝ ይሆናል... ማን ነው ደግሞ ሠላሳውን ገጽ አንብቦ እዚያ ላይ የሚያቆም?

ጥቅምት 23

በስምንተኛው ቀን መለሰችልኝ። በጋዜጣ ጠቅልላ። ሁለቱን ጉንጬን ሳመችኝ። ገጽ 31ን አይታ እንደሆን አይኗን አየሁት። ምንም።

ኅዳር 3



የትምህርት ቤቱ ሹም አቶ ሣህሉ ጠሩኝ። የማታውን ክፍል ከዛሬ ጀምሮ ወይዘሪት ጥሩወርቅ ትይዘዋለች፣ አንቺ መዝገብ ቤት ትረጃለሽ አሉኝ። ለምን? አልኩ። ጠረጴዛቸው ላይ በማባዣ የተባዛ መጽሐፍ ነበር፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። "አዘጋጅ፦ ወ/ት ጥሩወርቅ።"

ገለጥኩት። ፉርጎውና መያዣው። የዋበሪ ጉጉት። የእናቴ ፍርሃት... የገዛ እናቴ ፍርሃት፣ በሷ ስም! ከሠላሳኛው ገጽ ቀጥሎ ያለው ሠላሳ ሁለተኛው ገጼ ነው። አንዷን ብቻ ዘላታለች።

የኔ ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። "እንግዲያው ደብተርሽን አምጪ። ማኅተም ያለበት ደብተር አይዋሽም።"

በየዓመቱ መጀመሪያ የመምህራኑን ደብተር ሁሉ ራሳቸው ገጽ በገጽ ቁጥር ይሰጡታል፣ ያትሙበታል። ወረቀት እንዳይቀደድ። አንድ ገጽ የጎደለበትን ደብተር ደብተር ብለው አይቀበሉም። 

ነገ አመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ደብተሩን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

ኅዳር 5

አላመጣሁም። ይልቅ ጥሩወርቅን ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ጠብቄ ያዝኳት። ልትሸሽ ነው ብዬ ነበር፣ አልሸሸችም።

ለምን? አልኳት። በአንደኛ ክፍል ሕፃናት ላይ ስጮህ ዕድሜዬ ሊያልቅ ነው፣ አንቺ ሌላ ትጽፊያለሽ አለች። እንደ ቀላል ነገር! ለአቶ ሣህሉ አሳያለሁ አልኩ።

"አሳዪያቸው" አለች፣ ቀስ ብላ። "ሁሉንም ገጽ አሳዪያቸው።"

አንብባዋለች።

"ደብተሩ ያንቺ ነው፣ አስኩዬ። ክፍሉ ግን የኔ ነው። ሄደሽ እዪው።"

አስኩዬ! አዳሪ ቤት ሳለቅስ የምትጠራኝ ስም ነው።

ኅዳር 7

ሄጄ አየሁ። በመስኮቱ በኩል፣ እንደ ሌባ። ሌባዋ ውስጥ፣ ባለንብረቷ ውጭ።

ይስቃሉ። ዋበሪ ሳይቀር። በኔው ምሳሌ፣ በኔው ፉርጎ ይስቃሉ። አንዱን የባቡሩ ራስ፣ ሌላውን ፉርጎ፣ ሌላዋን መያዣ አድርጋ ክፍሉን ታዞራቸዋለች። እኔ ሁለት ዓመት ሳስተምር ማን ሳቀ? ጻፉ አልኳቸው፣ ጻፉ።

ብትሳሳት እንኳ በቀለለኝ። "ዲማንድ" ስትል "ፎር" ትላለች፣ ልክ እንደ ጻፍኩት። ሰረቀችኝ፣ ከዚያ ደግሞ ከኔ አሳምራ ተጠቀመችበት። የቱ ነው የበለጠ የሚያቃጥለው? ሁለተኛው። ለዚህ የቀን ማስታወሻዬ ብቻ ነው የምናገረው።

ኅዳር 10

ምላጭ አነሳሁ። ገጹን ገለጥኩ። ማኅተሙ አፍጥጦ ያየኛል። ምላጩን አስቀመጥኩ።

ኅዳር 11

ሄድኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ክፍሉ ሞልቶ። አቶ ሣህሉን ከቢሮ ጠርቼ ይዣቸው ገባሁ። ጥሩወርቅ ጠመኔ እንደያዘች ቀረች። ደብተሩን ዘርግቼ ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ ገለጡ። ቁጥሩን አዩ፣ ማኅተሙን አዩ፣ መጽሐፉን ጎኑ አድርገው አስተያዩ። ሠላሳ... ሠላሳ አንድ ላይ ቆሙ። ጆሯቸው ቀላ። ቶሎ ሊያልፉት ገጹን ያዙ።

እኔ አነባዋለሁ አልኩ። "አያስፈልግም፣ ወይዘሪት አስካለማርያም" አሉ። ከእጃቸው ወሰድኩት። መደበቅ ካለብኝ የኔ አይደለም ማለት ነው።

በእንግሊዝኛው አነበብኩ፣ ከዚያ በአማርኛ፦ "በጥሩወርቅ ላይ ያለኝ የሚያቃጥል ቅናት። የቅናቴም ምክንያት፦ እሷ ስትናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እኔ ስናገር ሰው ሁሉ ይጽፋል።"

ከጋራዡ የብረት ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጥሩወርቅ አንገቷን ደፋች። እሷ ናት የደፋችው፣ እኔ አይደለሁም!

መጀመሪያ የተናገረው ዋበሪ ነው። "አቦ፣ ወላሂ ይሄኛው ፉርጎ ከባድ ነው" አለ። ማንም አልሳቀም። እኔ ልስቅ ትንሽ ቀረኝ።

ኅዳር 14

አቶ ሣህሉ አስበው አስበው ፍርድ ሰጡ። ክፍሉ ይመለስልኛል። ጥሩወርቅ ወደ አንደኛ ክፍሏ። መጽሐፉ ላይ ግን የማንም ስም አይኑር፣ "በትምህርት ቤቱ የተዘጋጀ" ይባል አሉ። ለትምህርት ቤቱ ክብር ሲባል።

ለኔስ ክብር? አልኳቸው። ልጄ፣ ትዕቢት አይጠቅምም አሉኝ።

የመጽሐፉን አርባ ቅጂ ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ ቆለልኩ። የሷን ስም እየሰረዝኩ የኔን በእጄ ጻፍኩ። አርባ ጊዜ። ከአሥረኛው በኋላ ተይ ማለታቸውን ተዉ። ከሃያኛው በኋላ ቀለም ሲያልቅብኝ የራሳቸውን ብልቃጥ ገፋ አደረጉልኝ።

ኅዳር 27

ሁለት ሳምንት ሳልጽፍ። ሥራ።

ጥሩወርቅ ከሥራ ሰዓት በኋላም ደካማ ሕፃናትን ታስጠናለች፣ ከግድግዳው ወዲያ። ሳቃቸው ይሰማል። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልለመንኳትም። በረንዳ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ብቻ። እናቴ ስለሷ ትጠይቀኛለች፣ አልመልስም።

ዛሬ ተማሪዎቹን አስነሳኋቸው። ራስ፣ ፉርጎ፣ መያዣ። አዎ፣ ከሷ ወሰድኩት። እሷ ሠላሳ ገጽ ወሰደች፣ እኔ አንድ ጨዋታ ብወስድ? ዋበሪ መያዣ ሆኖ "ኦፍ" እያለ የፊተኛውን ወገብ ይዞ ይከተላል። ቅናት የሚለውን ፉርጎ የሚሆን ሰው አልተገኘም። ሁሉም እኔን አየ።

"መዐሊማ፣ ያ ፉርጎሽ ዛሬም አለ ወይ?" አለ ዋበሪ።

"ዛሬም አለ" አልኩና ተሰለፍኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሠላሳ ሁለት ሰው፣ ዘይቱም ጥጡም። እኔም ሳቅኩ፣ ጠመኔው ከእጄ እስኪወድቅ።

ከግድግዳው ወዲያ የነበረው ድምፅ ድንገት ጸጥ አለ። ጥሩወርቅ ሰምታን ይሆን?

ትስማ።