በእግር የተጻፈ ስም

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬም በቤተ መጻሕፍቴ በር የ1ኛ ክፍሎችን እጅ ሳሳጥብ እረፍቱ አለቀ። ከመጽሐፍ በፊት እጅ፤ ሕጌ ይኸው ነው። አንዱ ታጥቦ ሲያበቃ እጁን በአቧራማ ሱሪው ጠረገና ተመልሶ ተሰለፈ። የተሰጠኝ አሥራ አምስት ደቂቃ ናት፤ አሥሩን ጀሪካኑ ይበላዋል። አምስቷን ግን አነበብን!
ር/መምህሩ አስጠሩኝ። መማሪያ ክፍል ጠቧል። የወረዳው ት/ት ጽ/ቤት ሰዎች በኅዳር መጨረሻ ይመጣሉ። በቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ካዩ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ለሁሉም በሳምንት አንድ ክ/ጊዜ ይሰጠኛል፤ መጽሐፍ አጠቃቀምና ኮምፒውተር። ካላዩ ክፍሉ ለ5ኛ ሐ ይሰጣል፤ መጻሕፍቱ ወደ መጋዘን። በልቤ "ቆይ አሳይዎታለሁ" አልኩ። በአፌ "እሺ" ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ኮምፒውተር ያልኩሽ አንድ ነው፣ ደብተሬ። አምና መጣ። ጋሽ ይመር፣ የንብረት ክፍል ኃላፊያችን፣ በሞዴል 19 ቅጽ ፈርመው ተረከቡት፤ ከዚያ ወዲህ ከካርቶኑ አልወጣም። ካርቶኑን ግን በየጠዋቱ ይወለውሉታል።
ዛሬ ሄጄ ለመንኳቸው። ቢሰበር ተጠያቂው ማን ነው አሉኝ። ዘንድሮ ጡረታ ይወጣሉ፤ ስማቸው ሳይነሳ መሰናበት ነው የሚፈልጉት። ብዙ ስለምናቸው ጊዜ አንድ ባዶ የሳሙና ካርቶን ሰጥተው ሸኙኝ። እሱን ቀድጄ ኪቦርድ ሣልኩበት፣ ከደሴው ሥልጠና ማስታወሻዬ ላይ እያየሁ።
ለማንም እንዳትነግሪ። የደሴው ሥልጠና ሦስት ቀን ነበር፣ አምስት ሰው በአንድ ኮምፒውተር። እኔ ማውሱን አንዴ ነካሁት፤ የቀረውን ከሰው ትከሻ በላይ ነው ያየሁት። ወረቀቴ "በሚገባ አጠናቃለች" ይላል። ልጆቹ ሁሉን የማውቅ ይመስላቸዋል። አፍራለሁ፤ ግን ዝም ብያለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26
የጥያቄ ሣጥናችን ተከፈተ። የ6ኛ ክፍል ጥያቄ፦ የአፄ ቴዎድሮስን ትልቁን መድፍ ስንት ሰው ጎትቶ መቅደላ አወጣው? ፈልጉ አልኳቸው። ማውጫ ገለጡ፣ ገጽ ቆጠሩ። ሁለት መጽሐፍ አገኙ፤ ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ይላሉ።
ክው አሉ። "መጽሐፍም ይዋሻል እንዴ፣ ቲቸር?" አለች አንዷ።
ስንት ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ! ልስማት ምንም አልቀረኝ። ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ከማን ሰምቶ፤ ሰሌዳው ሞላ። ጋሽ ይመር በበር ሲያልፉ ሰምተው ገቡ፤ ከአያታቸው የሰሙትን ሦስተኛ ቁጥር ጨመሩልን። ጭቅጭቁ ደራ። ደወል ተደወለ፤ የሚወጣ ጠፋ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
በደስታ እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ቻዪው።
በእረፍት ወደ ሜዳ ብቅ አልኩ። ሴቶቹ ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ። ቀረብ ብዬ ሳይ ሳጥኑ በዝቷል። ሦስት መስመር፤ በየሳጥኑ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል። ለልጆቹ በካርቶን ያሳየሁት የኔው ኪቦርድ ነው፣ መሬት ላይ! የፈጠረችው ሰዓዳ ናት፤ የ3ኛ ለ ልጅ፣ ክርን የማታህል። በአንድ እግር እየዘለሉ ስማቸውን ይጽፋሉ። ሌላ ሳጥን የረገጠ ይወጣል።
ወንዶቹ መጀመሪያ የሴት ጨዋታ ነው ብለው ተኮፈሱ። ትንሽ ቆይቶ በተራ ተጣሉ፤ 8ኛ ክፍሎች ሳይቀሩ።
ጋሽ ይመር ቆመው አዩ፣ አዩ፣ የኔስ ስም የት ነው አሉ። ሰዓዳ አሳየቻቸው። በከዘራቸው አምስት ሳጥን ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ከዘራውን ወደ ላይ! "አልሐምዱሊላህ! ጡረታ ሳልወጣ በፈረንጅ ፊደል ጻፍኩ!" ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26
ወጣ! ኮምፒውተሩ ወጣ! ጋሽ ይመር ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ፤ በሞዴል 22 ጽፈው አስፈረሙኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ፦ እሱ ባለበት እሳቸውም አሉ። ስክሪኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው አመጡት።
ኪቦርዱን አወጣሁ። አየሁት። ደግሜ አየሁት። የካርቶኑን አምጥቼ ጎኑ አስቀመጥኩ።
በኔ ካርቶን ላይ የመሃሉ መስመር ከታች ነው፣ የታችኛው ከመሃል። ደሴ ላይ ስጽፍ ነው የተሳሳትኩት ወይስ እዚህ ስገለብጥ፣ እንጃ። ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ ስህተት። የት/ቤቱ እግር በሙሉ ስህተት ተምሯል! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ግን በአንዴ ቦግ አለ።
እንግዶቹ ሰኞ ይመጣሉ። ዝም ልበል? ማን ያውቃል?
እኔ አውቃለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 27
ጠዋት ሰልፍ ላይ ስህተቴን ተናገርኩ። የደሴውን ጉድ ግን ዋጥኩት፤ እሱን ለመናገር ወኔ አጣሁ።
ይደነግጣሉ ስል ሰዓዳ እጇን አወጣች። ቁርኣን ቤት የሚጽፉበት እንጨት አለ፣ ሉህ። ሲሳሳቱ አጥበውት እንደገና ይጽፉበታል። "ምን ችግር አለው ቲቸር፣ አጥበን እንጻፈው" አለች። በቃ፤ ለሷ ይኼው ነው።
ጀሪካን ተሸክመው ሮጡ። ሜዳው ታጠበ፤ ጭቃ ሆነ፤ እነሱም ጭቃ ሆኑ። ከጁምዓ መልስ ደርቆ ጠበቀን። ጋሽ ይመር እውነተኛውን ኪቦርድ በሽርጣቸው ጠቅልለው ዳር ቆሙ፤ ፊደሉን እያሳዩ፣ ማንንም ሳያስነኩ። አዲሱን ሣልን። እስክንወጣ ዘለሉ። እኔም ዘለልኩ፣ ጫማዬን አውልቄ።

ሰኞ፣ ኅዳር 30
ሦስት ሆነው መጡ። አንዱ ወጣት ነው፣ ደረጀ ይባላል፣ የኮምፒውተር ባለሙያ። 1ኛ ክፍሎች በር ላይ አስቁመው እንግዶቹን እጅ አሳጠቧቸው! ኃላፊውንም! 6ኛ ክፍሎች በመድፉ ጉዳይ ተከራከሩላቸው። እስከዚህ ሠርግ ነበር።
ደረጀ ያለ ክፋት፣ እስቲ መምህርት ስሜን ይጻፉልኝ አለ።
ተቀመጥኩ። ፊደሎቹ ጉንዳን ሆነው ተራወጡብኝ። ጣቴ አየር ላይ ቀረ። ያኔ አመለጠኝ፤ አልችልም አልኩ። ሦስት ቀን ከሰው ትከሻ በላይ ያየሁትን፣ ወረቀቴ ከኔ የበለጠ እንደሚያውቅ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ር/መምህሩ ጣሪያውን ያያሉ። አለቀልኝ፤ 5ኛ ሐ ይግባበት።
ከሜዳው የሰዓዳ ድምፅ መጣ። መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች ነግረዋታል። "ቲቸር፣ እኔን እያዩ ይጻፉ!"
ዘለለች። ልጆቹ ቆጠሩ። "ሁለተኛ መስመር፣ ሦስተኛ ሳጥን!" ተጫንኩ። "አንደኛ መስመር፣ ሦስተኛ!" ተጫንኩ። "አራተኛ!" "እንደገና ሦስተኛ!" "ሁለተኛ መስመር፣ ሰባተኛ!" "አንደኛ፣ ሦስተኛ!"
ስድስት ዝላይ፣ ስድስት ፊደል። ስክሪኑ ላይ በፈረንጅ ፊደል፦ ደረጀ።
ደረጀ መስኮቱን ተደግፎ ሳቀ፤ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጋሽ ይመር ወለሉን በከዘራ ደበደቡት። እኔ አለቀስኩ፤ ከሐፍረት ይሁን ከደስታ አልለየሁትም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2
ፕሮግራሙ ተለጠፈ፤ እንግዶቹ ሥራ አይተዋል። ከ1ኛ እስከ 8ኛ፣ በሳምንት አንድ ክ/ጊዜ! ሦስቴ ሄጄ አነበብኩት። ለ5ኛ ሐ ጋሽ ይመር ሰባራውን ወንበር ሁሉ አውጥተው የመጋዘናቸውን ግማሽ ለቀቁ። የዚያ መጋዘን ወለል ምን እንደሚመስል ዛሬ አየን።
ደረጀ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ሊያስተምረኝ ነው። የቅዳሜ ተማሪዎችን ስም ዝርዝር ይላኩልኝ ብሏል። ቆርጫለሁ፤ ከሀ እጀምራለሁ፣ ልጆቹ እያዩኝ። ይኸው ዝርዝሩ፣ መጀመሪያ አንቺ ላይ ልሞክረው፦
1ኛ. ዘሃራ፣ መምህርት።
2ኛ. ጋሽ ይመር፣ ንብረት ክፍል። (ኮምፒውተሩ ባለበት አሉ።)
የክፍል አለቃ፦ ሰዓዳ፣ 3ኛ ለ።
ይኸው በመስኮት ብቅ አለች፤ ቅዳሜ ማርፈድ የለም፣ እጅም ታጥቦ ነው የሚገባው እያለችኝ ነው።