የመሀለኛው ክፍል ብርሃን እንዳይዘጋ

ይመሬ ሆዴ፣

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ ካረፍክ ይኸው ዘጠኝ ወር ሆነ፣ መልስም አላገኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሳቄን ታውቀው የለ? አልቀነሰም፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር እያመለጠኝ ሰው ይታዘበኛል። ዛሬ ግን ተናድጃለሁና ቁጭ ብለህ ስማኝ።

የተናደድኩት በጣሪያችን ነው። መሀለኛው ክፍል በግራም በቀኝም ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ መስኮት የማይወጣለት፣ መብራት ሲጠፋ በቀን እንኳ በዳበሳ የምንሄድበት እንደነበር አትረሳውም። ሰማያዊውን የተማሪ ሱሪ በጥቁር ክር ሰፍቼ ሙሉውን የፈታሁት ጊዜ ነው፣ አንተ ጣሪያውን ቆርጠህ ያንን ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቆርቆሮ ያስገባኸው። ዓይንሽን ጨፍኚ ብለህ እጄን ይዘህ አስገባኸኝ። ስገልጥ የስፌት መኪናዬ ፀሐይ መሀል ቆማለች። ክሮቼን አንድ በአንድ እያነሳሁ ቀለማቸውን ስጠራ ሳቅክብኝ። ከዚያ ወዲህ ያ ክፍል መተዳደሪያዬ ሆነ።

በልጉ ስስ ነበርና አላስተዋልኩም፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ፕላስቲኩ ያፈስ ጀመር። ያውም የት? ልክ ከመኪናዬ በላይ! የቆረጥኩት የዩኒፎርም ጨርቅ በሙሉ ራሰ። አናጢ ጠራሁ፤ ወጥቶ ሬንጅ ለቀለቀበት። ፍሳሹ ሳይቆም ብርሃኑ ጠፋ። ይኼን ጥገና ትለዋለህ? ሌላ አመጣሁ፤ እሱ ደግሞ መሰላሉን ሁለት ደረጃ ሳይወጣ “እትዬ፣ በደህናው ቆርቆሮ ይዝጉትና ይገላገሉ” ብሎኝ ሄደ።

ወንድምህ አበጋዝማ ባሰ። “ለአንድ ሴት ጣሪያዋ ላይ ቀዳዳ ምን ያደርግላታል? ነገ ቆርቆሮ ይዤ መጥቼ ድፍን አደርግልሻለሁ” አለኝ። እንዲህ ሲቸኩል አይቼው አላውቅም፤ ለሰርጋችን እንኳ ዘግይቶ የመጣ ሰው! ከተደፈነ ደግሞ ስፌቱ አለቀለት፤ መብራት ሲመጣ ሲሄድ የመስከረምን ዩኒፎርም በምን ላደርስ?

ጉዱን ያወጣችው የግድግዳ ጎረቤታችን ዘይነባ ናት። “ወላሂ ሆዴ አልችል አለ፤ የማታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ” አለችኝ። ለካ በለቅሶህ ቀን እድርተኛው ድንኳን ሲተክል፣ ገመዱን ሊያስር ጣሪያው ላይ የወጣው አበጋዝ ኖሯል። እያለቀሰ፣ የሚረግጠውን ሳያይ፣ ፕላስቲኩ ላይ ቆመበት። ጧ ሲል ደጅ የነበረው ሁሉ ሰምቷል። ማን ይንገረኝ? ለቅሶ ላይ ስለ ቆርቆሮ አይወራ! አርባው አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ፣ ነውር ነው ተባብለው ዝም። እኔ ሞኟ፣ ሰው ቤቴ ገብቶ ወደ ላይ ቀና ሲል ነፍስ ይማር እያለልህ ይመስለኝ ነበር።

አበጋዝን አስጠራሁት። “እግሬ ነው” አለኝ አንገቱን ደፍቶ። “ስንጥቁን ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል፤ ልዝጋው ያልኩሽም ለዚህ ነው።” ግማሹ ንዴቴ በረደ። ግማሹ ግን ወደ አንተ ዞረ። ያን ሁሉ ዓመት ስትወጣ ስትወርድ እኔ ከታች መሰላል ያዥ ነበርኩ፤ አንድ ሚስማር እንዴት እንደሚመታ አሳይተኸኝ ታውቃለህ? አናጢው ሬንጅ ሲለቀልቅብኝ አይሆንም የምልበት እውቀት አልነበረኝም።

ስለዚህ አበጋዝን መሰላል አስይዤ፣ አዲስ ፕላስቲክ አንጠልጥዬ ራሴ ወጣሁ። ዘይነባ ከታች “ኧረ በአላህ ውረጂ! እድሩ በዓመት ሁለት ድንኳን አይተክልልሽም!” እያለች ትጮሃለች። ሳቄ መጥቶ ልወድቅ ነበር።

ሥራህን እየፈታሁ ተማርኩት። የላይኛው ጫፍ ከላዩ ቆርቆሮ ሥር ይገባል፤ የታችኛው በታቹ ላይ ይደረባል፤ ሚስማሩም ጎማ ተደርጎለት ጉብታው ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ አይመታም። ይኼን ለመንገር ስንት ሰዓት ይፈጅብህ ነበር? ሁለት ሚስማር አጣመምኩ፣ አውራ ጣቴን ቀጠቀጥኩ፣ አንተን ተቆጣሁ። ቀና ስል ደግሞ ከደጃችን የማይታየው የከተማው ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር ወለል ብሎ ታየኝ። ይኼንንም አልነገርከኝም! ብቻህን ስታየው ኖረሃል።

ትናንት ከሰዓት ዝናቡ መጣ። መኪናዬ ፊት ተቀምጬ አንጋጥጬ ጠበቅኩ። ቆርቆሮው ተንጫጫ፣ ፕላስቲኩ ላይ ውኃው እየተንሸራተተ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት፣ አንዲት ጠብታ ግን አልገባችም። ሲያባራ ክፍሉ ቦግ አለ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አሾለክሁና የቀረውን ሱሪ ጀመርኩ።

ክረምቱ በወጣ ቁጥር፣ ቅጠልና አቧራ እንዳያደበዝዘው፣ ወጥቼ አጥበዋለሁ። እዚያው ላይ ሆኜም ስምህን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ የሚታዘበኝ ይታዘበኝ። እየተነጫነጭኩ፣ ያልነገርከኝን እየቆጠርኩብህ ነው የማስታውስህ። ዝም ብሎ ማስታወስማ አልችልበትም፣ ታውቀኛለህ።

ያንተዋ ሙሉ