ጠርሙስ ቁጥር ስልሳ አንድ

ዌልደን ክሪክ፣ ካንሳስ
ኦክቶበር 18 ቀን 1929

ለምወድሽ ልጄ ለኦርፋ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? አንቺ መቼም መልስሽ «ደህና ነኝ፣ ዶሮዎቹ ይጥላሉ» ነው። አሁን ግን አላምንሽም። ትናንት በቴሌግራም «ጠርሙሱን ድፊው፣ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» ያልኩሽ አብጄ አይደለም። ቴሌግራፈኛው ወሬኛ ስለሆነ ምክንያቱን አላስጻፍኩትም።

ያ በሬዲዮ የሚያክመው ዶክተር ሌማስተር እናንተም ዘንድ ኔብራስካ ድረስ እንደሚሰማ አውቃለሁ። እዚህ ጎረቤቴ ሄስተር ቤት ሴቱ ሁሉ ልብስ እየጣፈ ያዳምጠዋል። በሽተኛው ይጽፍለታል፣ እሱ ደብዳቤውን ያነባል፣ ሳያይ ሳይዳስስ «ቁጥር ይህን ውሰጂ» ይላል። ከዚያ ቁጥሩን ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት መሮጥ ነው። መጀመሪያ ይጸልያል፣ ቀጥሎ ይሸጣል። አፈ ቅቤ ሰው ለኔ አይዋጥልኝም። አባትሽን ያሳጣንስ እንዲህ ያለው አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ አይደል?

ስለዚህ ፈተንኩት። ላማችን ፓንዚ እርጥብ የአልፋልፋ ሣር በልታ ሆዷ ተነፍቶ ነበር። የእሷን ሕመም የራሴ አድርጌ ጻፍኩለት፦ «ቅጠል ከበላሁ ግራ ጎኔ ይነፋል፣ ተነሺ ሲሉኝ አልነሳም፣ ወተቴም ነጥፏል።» ማክሰኞ አነበበልኝ! «እናቴ፣ ይሄ የእናትነት ድካም ነው። ቁጥር ስልሳ አንድ፣ ጠዋትና ማታ።»

ሄስተር እንባዋን ጠረገች። «አየሽ ሉቪና? እንዴት እንደገባው!»

«ምኑ ነው የገባው? የላሜ ሕመም እኮ ነው!»

«ዶክተሩን በውሸት? እግዜርን አትፈሪም?»

ባሏ ከጓዳ ሆኖ «እንግዲያው ለፓንዚ ግዢላት፣ እናትነት አድክሟታል» አለ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሄስተር ግን አኮረፈች።

ትናንት ሐሙስ ግን ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። «ከኔብራስካ አንዲት ወጣት ሚስት» ብሎ ጀመረ። በቀኝ በኩል ከታች ያማታል፣ የበላችው አይረጋላትም፣ ባሏ ሰነፍ እንዳይላት ትራስ ነክሳ ታለቅሳለች። ቀጠለና «ሆዴ ውስጥ አይጥ በር ትቧጭራለች» ብሎ አነበበ። ኦርፋ፣ ይህን አባባል ከአባትሽ በቀር ከማን ሰምተን እናውቃለን? በሞተበት ሳምንት ሲደጋግመው የነበረው እሱን ነው። መርፌው ጣቴን ወግቶኝ ደሙን ያየችው ሄስተር ናት።

ሰውየውስ ምን አላት መሰለሽ? «ልጄ፣ ቁጥር ስልሳ አንድ።» ለላሟ ያዘዘውን!

ዛሬ ጠዋት ባለመድኃኒት ቤቱን ሄጄ ያዝኩት። «ጠርሙሱ ውስጥ ምንድነው ያለው?» ብዬ ብጠይቀው «እኔ ምን አውቄ፣ የሚላክልኝን እሸጣለሁ» እያለ ዓይኑን አሸሸ። ስጨቀጭቀው «ያው ሆድ የሚያስቀምጥ ነው» አለኝ። ያ በጋሪ የሚዞረው መድኃኒት ሻጭም ለአባትሽ የሰጠው የሚያስቀምጥ ነበር። ጠጣው፣ ሕመሙ ድንገት ተወው፣ «ተሻለኝ» ብሎ ሳቀ። ቀዶ ሐኪሙ ሲደርስ «ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል፣ ምነው ይህን ባልጠጣ» አለን። እንግዲህ ሕመሙ ድንገት ቢተውሽ «ድኛለሁ» እንዳትዪ! ያን ጊዜ ይብሱን ሩጪ።

ኦቲስንም እጠረጥረዋለሁ፣ አልደብቅሽም። አጠገብሽ የሚተኛ ባል እንዴት አይሰማሽም? ወይስ ጠርሙሱን ገዝቶ ያመጣልሽ እሱ ነው? ይህን ደብዳቤ አሳዪውና መኪናውን አሁኑኑ ያስነሳ። የሰው ባቡር እስከ ሰኞ የለም እንጂ ከደብዳቤው ጋር በመጣሁ ነበር። ሰኞ እነሳለሁ። ፓንዚን ሄስተር ታልብልኛለች፣ እያኮረፈችም ቢሆን።

ምናልባት ያቺ ሴት አንቺ ላትሆኚ ትችያለሽ። እንዲያ ከሆነ ሳቂብኝ፣ ከኦቲስ ጋር ሆናችሁ «አሮጊቷ ጃጀች» በሉ። ምነው በሆነ! ግን ለቴሌግራሙ እስካሁን አልመለስሽልኝም።

ያንገበገበኝን ልንገርሽ። ለኔ ለእናትሽ ስለ ዶሮ ትጽፊያለሽ፣ አይተሽው ለማታውቂው ሰው ግን ስለ አይጧ።

የአባትሽ አምላክ እጁን ጎንሽ ላይ ያሳርፍልኝ፣ እኔ እስክደርስ አንቺን ይጠብቅልኝ። አሁን ሂጂ። ከዚያ ያመመሽን ሁሉ ለኔ ጻፊልኝ። እኔ ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ለማንም አላነብም።

እናትሽ
ሉቪና