ለአብዱልሐሊም ሸክላ የሚሆን ማጫወቻ

መርሳ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናጅዋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ የጂዳውን ሥራሽንም ያቅልልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ዙልፋ ናት። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ እናትሽ ድምፅሽን በሰማች ቁጥር ስልኩን ከእጄ ስለምትወስድብኝ ነው።

የላክሽልኝን የሦስቱን ማጫወቻዎች ፎቶ ደጋግሜ አይቻለሁ። እንደ ሻንጣ የሚዘጋውን ተዪው። ያምራል፤ ግን አያትሽ አብዱልሐሊም የዘፈነበት ሸክላ በደቂቃ ሰባ ስምንት ጊዜ መዞር አለበት። እሱ እዚያ አይደርስም፤ የአብዱልሐሊምን ድምፅ እንቅልፍ የያዘው ሰው ያስመስለዋል። ጥቁሩ ፍጥነቱ አለው፤ መርፌው ግን ኋላ ለመጡት የፕላስቲክ ሸክላዎች የተሠራ ቀጭን ነው። የድሮ ሸክላ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ሰፊ ስለሆነ፣ ቀጭን መርፌ ታች ገብቶ አቧራውን ነው የሚያነበው። የሚሻለው የእንጨቱ ነው። ሰባ ስምንት ይዞራል፤ መርፌው ይቀየራል፤ ክንዱ መርፌውን የሚጫንበት ክብደትም ይስተካከላል። ሻጩን ሰፊ መርፌ ጠይቂው። «ሁሉም አንድ ነው» ካለሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

አሁን የከበደኝን ልጻፍልሽ።

በጦርነቱ ዓመት አጎትሽ ሲራጅ ሸክላውን ውርጌሳ ወስዶ እንደደበቀልን ታውቂያለሽ። የደበቀው የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ማሽላውን ከላይ አፍስሶበት፣ አፉን በአፈር ደፈነው። ማንም አላገኘውም። የተቀበረ ማሽላ ግን ይሞቃል፤ ሸክላ ደግሞ ሙቀት አይችልም። ሁሉም ሲያልፍ ከነጨርቁ መለሰልን፤ ማጫወቻ ስላልነበረን እናትሽ ሳትፈታው ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። አንቺ እገዛለሁ ስትዪ ላጸዳው ብዬ ፈታሁት።

ጎብጧል። ከጠርዙ እስከ መሀሉም ተሰንጥቋል።

ወልድያ ወሰድኩት፤ ሬዲዮ ጠጋኙ ፍቅሩ፣ የድሮ ተማሪዬ፣ አንድ አሮጌ ማጫወቻ አለው።

«ጋሼ ሙባረክ፣ ይኼማ ሰሐን ሆኗል፤ ሾርባ ይይዛል!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ «የማን ድምፅ ነው?» አለኝ። የእናትሽ የሁሪያ አባት መሆኑን ስነግረው ሳቁን ዋጠ። መርፌውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ዘለለ። ደግሞ አስቀመጠው፤ ከመዝለሉ በፊት ሰው ሊያዜም ሲል የሚስበው ዓይነት ትንፋሽ ተሰማ። እንደገና ሊሞክር ሲል ከስንጥቁ ላይ ስባሪ ተነሣ።

«ይተዉት፣ ጋሼ።»

«ክንዱ የሚስተካከል፣ ሌላ ማጫወቻ ቢሆንስ?»

«እርስዎ ያውቁታል እኮ» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ቤት ስገባ እናትሽ «አጸዳኸው?» አለችኝ። አጸዳሁት አልኳት።

የደሴው ሐኪም ለእናትሽ መድኃኒት አልጻፈም። «ቤቷ ትሁን፤ ያማራትን ስጧት» ነው ያለን። ያማራት ይህ ነው። አባቷ ሲሞት ሕፃን ነበረች፤ መልኩን አታስታውስም፤ የምታውቀው ድሮ ከሸክላው የሰማችውን የአምባሰል ዜማ ብቻ ነው። «አንድ ጊዜ ልስማው» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጨርሰውም። እህል ትታ ነበር፤ ማጫወቻው ይመጣል ከተባለ ወዲህ ጥቂት አጥሚት ትቀምሳለች። ትራስ አስደግፌ ሳስቀምጣት የት እንደምናኖረው ታዘኛለች። «አንተ ሰውዬ፣ መስኮቱ ጋ አይሆንም! ባጃጁ ከአባቴ በላይ ሊጮህ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ሲራጅ ሊጠይቃት ሲመጣ ደግሞ፣ አባቷን ያተረፈላት እሱ ነውና፣ እጁን ይዛ ትመርቀዋለች። እሱም አሚን ይላል። አልነገርኩትም።

ስለዚህ የእንጨቱን ግዢ። ፎቶውን ላኪላት፤ ሲታሸግም አንሥተሽ ላኪላት። ዙልፋ ስትመለስ እይዘዋለሁ ብትልሽ ግን እሺ አትበይ። በአውሮፕላንም አይሁን። በጂቡቲ በኩል በመርከብ የሚልኩትን ጠይቂና ከሁሉም የሚዘገየውን ምረጪ።

አሠሪዎችሽ ፈቃድ እንደማይሰጡሽ አውቃለሁ፤ ነዪ አልልሽም።

እናትሽ ስለ ሸክላው ካነሣችብሽ «አባዬ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎታል» በያት። ጠቅልዬዋለሁ፤ ውሸት አይሆንብሽም።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ ዱዓሽ አይለየን።

አባትሽ ሙባረክ