ሆዴ ነው እንጂ ጀልባው አይደለም

ለታናሽ እህቴ ለጆምሱን፣

በልተሻል? ሰውነትሽስ እንዴት ነው? እዚያ ሳኦ ፓውሎ አሁን ብርድ ነው ብላኛለች ልጅሽ ሱክሂ፤ ትከሻሽን ሸፍነሽ ነው የምትሰፊው? የሱክሂ አባት ደም ግፊቱ ወረደለት? አማትሽስ አሁንም ወለሉን በከዘራ እየመቱ ነው የሚጠሩሽ? እናንተ ደህና ከሆናችሁልኝ ግማሽ ሕመሜ ዳነ ማለት ነው። ሌላውን ግማሽ ሐኪሞች አድነውታል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም እሱን ልነግርሽ ነው።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንቺ ድምፄን ስትሰሚ ታለቅሻለሽ፣ እኔም ያንቺን ስሰማ አለቅሳለሁ፣ ወሬው ሳይነገር ስልኩ ይዘጋል። ስለዚህ እጄ ቢዘገይም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጻፍኩ ነው። የብዕሩ ቀለም መሀል ላይ ቢለወጥ የልጅ ልጄ ናሬ ወስዳብኝ ስዕል ስላበት ነው።

ባለፈው የመከር በዓል ማግስት የልጄ የዱሆ ጀልባ ተገልብጦ፣ ባሕሩም አስከሬኑን ከመለሰልን በኋላ፣ አንቺም ቀብረሽው ከሄድሽ በኋላ፣ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ሩዙን ውኃ ውስጥ እጨምርና ውኃውን ጠጥቼ እተወው ነበር። ሄራን ምራቴ ገና ሳይነጋ ወደ ዓሣው ጨረታ ስለምትሄድ አታየኝም። ጎረቤት መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «በልተሻል?» ይለኛል፣ «በልቻለሁ» እላለሁ። ታውቂው የለ፣ ሰላምታ ነው፤ መልሱን ቆሞ የሚሰማ የለም። ሱሪዬ ከወገቤ እየወረደ ሲያስቸግረኝ በመረብ ገመድ አሰርኩት።

ክረምቱ ሲገባ ነው ሕመሙ የጀመረኝ። ከግራ ብሽሽቴ ተነስቶ በጭኔ በውስጠኛው በኩል እስከ ጉልበቴ ይወርዳል፤ የራሰ መረብ ከውስጤ የሚጎትቱ ይመስላል። ሳስል፣ እግሬን ወደ ኋላ ሳደርግ፣ ደጃፉን ስሻገር ያስጮኸኛል። ጉልበቴን ወደ ሆዴ ስሰበስብ ግን ጥሎኝ ይሄዳል። የዱሆ መቃብር ከነጭ ሽንኩርቱ ማሳ በላይ ያለው ጉብታ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። ያንን ዳገት ለመውጣት እግር መዘርጋት አለበት። እየሞከርኩ ከድንጋይ ካቡ እመለስ ነበር። ልጄን ከታች ሆኜ በዓይኔ ብቻ ሳየው ከረምኩ።

መጀመሪያ አጥንት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልጅ እግር ነው፣ ጢሙን ገና መላጨት የጀመረ። «እናቴ፣ የት ላይ ነው የሚያምዎት?» አለኝ። በዚያ ልጅ ፊት «ብሽሽቴን» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። አባታችን እንዲህ ያለ ቃል በማዕድ ላይ ከሰማ ግንባራችንን በማንኪያ ይመታን አልነበር? «ጭኔን» አልኩና እጄን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ። ወገቤን በራጅ አነሳው። «ወገብዎ አርጅቷል» አለኝ። «አብረን ስለተወለድን ነው» አልኩት። ሳቀና ጀርባዬን መርፌ ወጋኝ። አንድ ሰሞን ደህና የሆንኩ መሰለኝ፣ ከዚያ እንደገና።

ከጭኔ ጋር ሆዴም ይነፋ ነበር፤ ያቅለሸልሸኛል፣ አንዳንዴም ያስመልሰኛል። ግን ሆድን ማን ለአጥንት ሐኪም ይናገራል? ጫማና ድስት ለየብቻ ለጠጋኝ እንደሚሰጥ፣ እግሬን ለአንዱ ሰጥቼ ሆዴን ይዤ ወደብ አጠገብ ወዳለው የውስጥ ደዌ ሐኪም ሄድኩ። ለዱሆ ለቅሶ የመጣው መነጽር ያለው ሰውዬ ነው፤ ትዝ ይልሻል። «ቤ ይቀድማል፣ እግሬ ይከተላል» አልኩት፣ ሆዴን ማለቴ ነው። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ፣ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፣ «አውቃለሁ እናቴ፤ ያንን ቀን እኛም አልረሳነውም» አለኝ። የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈልኝ። ደግነቱ አስለቀሰኝ፤ ግን ሆዴን እንኳ ሳይነካ እንዴት አወቀልኝ እያልኩ ተመለስኩ።

መርፌ የሚሰካው የባህል ሐኪም ደግሞ የልብ ትርታዬን በሦስት ጣቱ ይዞ ዓይኑን ጨፈነና «የእሳት በሽታ ነው፤ ደረትሽ ውስጥ የታመቀው ሐዘን ወደ እግርሽ ወርዷል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለመንደሩ ሁሉ መልስ ተገኘ። «አይ፣ ሐዘን ነው፤ ይለቅቃታል፣ ጊዜ ስጧት» ይላሉ።

ነጭ ሽንኩርቱ ሲነቀል እኔም እንደ ሌሎቹ ቁጭ ብዬ ጭንቅላቱን እየቆረጥኩ ዋልኩ። ተጣጥፌ ስቀመጥ ምንም አያመኝም፤ ስነሳ ነው ጉዱ። ጎረቤታችን የጎንዱ እናት አየችኝና «ቁጭ ስትይ ሙሽራ፣ ስትነሺ አሮጊት! ይሄ ምን ዓይነት ሕመም ነው ጆንያ መሸከም ሲመጣ የሚነሳ?» አለችኝ። አንዷ ደግሞ «ጭኗን ነው አሉ የሚያማት፤ እስቲ ጓዳዋን ፈትሹ፣ ሽማግሌ ደብቃ እንዳይሆን!» አለች። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ልጅ የሞተባት ሴት ፊት መሳቃቸው ትዝ አላቸውና ጸጥ አሉ። ጸጥታው ከሕመሙ ባሰብኝ። ከቀብሩ ወዲህ ማንም «የዱሆ እናት» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። ስሙን ከሚያነሱ ብለው «አንቺ» ይሉኛል፣ ወይም እንደ ልጃገረድ በስሜ «ኦክቡን»።

ያን ቀን ማታ አሰብኩበት። እኔ ሐዘኔን አውቀዋለሁ፣ ጆምሱን። ጠዋት ከእኔ ጋር ይነሳል፣ ሳህን ሳጥብ አጠገቤ ይቆማል። ጉልበቴን ስለሰበሰብኩ ትቶኝ የሚሄድ አይደለም። ይሄኛው ግን ይሄዳል። ስለዚህ ይሄኛው ሐዘኔ አይደለም፤ በሐዘኔ ስም የገባ ሌላ ነገር ነው። ሄራንን ጠርቼ «ነገ ቺንጁ ትልቁ ሆስፒታል ትወስጅኛለሽ። ስሙን ሳይነግሩኝ ወደዚህ ቤት አልመለስም» አልኳት። «እናቴ፣ ሦስት ሐኪም አይቶዎታል እኮ» አለችኝ። «ሦስቱም ያዩት ዱሆን ነው፤ እኔን ያየኝ የለም» አልኳት። የመኪናውን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

መንገድ ላይ ነው የመጣብኝ፣ ድልድዩ ሳይደርስ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ እግሬ ከውስጥ ተቃጠለ። «ቤ! ቤ!» እያልኩ የመኪናውን በር መደብደብ ጀመርኩ። ሄራን እየነዳች ታለቅሳለች። «እናቴ፣ እባክዎ አሁን ስለ ቤ አያስቡ! እኔስ መቼ ረሳሁት? ለናሬ ስንል ዛሬን እንኳ እንተወው!» ትለኛለች። እኔ የምትለው አልገባኝም። በኋላ በራልኝና «የባልሽን ቤ አይደለም አንቺ! ሩዝ የሚገባበትን ቤ ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

መኪናውን ዳር አስይዛ አቆመችው። ዞራ አየችኝ። ዕድሜ ልኬን ጀልባውንም ሆዴንም «ቤ» በሚል አንድ ስም ስጠራ ኖሬ፣ ሁለቱ ይምታታሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። «ለወደቡ ሐኪም ምን ነበር ያሉት?» አለችኝ። «ቤ ይቀድማል፣ እግሬ ይከተላል» አልኳት። «እሱ እኮ ጀልባው ከሰጠመ በኋላ እግሬን አመመኝ እንዳሉት ነው የሰማው!» አለች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ እኔም ሆዴን ይዤ እየጮህኩ ሳቅሁ። ከዚያ መኪናውን እንዴት እንደነዳችው አትጠይቂኝ።

ሆስፒታል ውስጥ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ወጣት ሐኪም መጣች። የምናገረውን መንገድ ላይ ሳዘጋጀው ስለመጣሁ አንድ ቃል አልዋጥኩም። «ሆዴ፣ ምግብ የሚገባበቱ፣ ይነፋል። ከዚያ ብሽሽቴን፣ ከዚያ ጭኔን ከውስጥ በኩል ያመኛል። እግሬን ስሰበስብ ይለቀኛል» አልኳት። ብሽሽት ስል ድምፄን ከፍ አድርጌው ኖሮ ከመጋረጃው ወዲያ የተኙ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው። እሷ ግን አልሳቀችም። ሱሪዬን ያሰርኩበትን ገመድ አየች። «ይሄን ያህል የቀነሱት ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች። ነገርኳት። እግሬን ዘርግታ ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ስታዞረው ሕንጻው እስኪሰማ ጮህኩ። «ያገኘነው ይመስለኛል፣ እናቴ» አለችኝና በሩጫ ወደ ሲቲ ስካኑ ወሰዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዳሌያችን አጥንት ግርጌ፣ በግራም በቀኝም፣ ጠባብ ቀዳዳ አለ። በእሱ በኩል አንድ ነርቭ አልፎ ወደ ጭን ውስጥ ይወርዳል፤ ሕመም የሚያሰማው እሱ ነው። ቀዳዳውን የሚደፍነው ስብ ነው። የእኔ ስብ አለቀ። ክፍት ሲሆን አንጀቴ ሾልኮ ገባና ነርቩን ተጫነው፤ በሆዴ ፈንታ ጭኔ ሲጮህ የከረመው ለዚህ ነው። ሲገባ ያመኛል፣ ሲመለስ ይተወኛል። በዚያን ቀን ግን ገብቶ ቀረ። ትንሽ ብንዘገይ አንጀቱ እዚያው ይሞት ነበር፣ እኔም አብሬው። በዚያው ቀን ቀደው አወጡትና ቀዳዳውን ደፈኑት። ስነቃ ሐኪሟን «ታዲያ ሐዘን ነው ያሉኝ ልክ ነበሩ?» አልኳት። «ረሃብ ነው፣ እናቴ። ይብሉ» አለችኝ።

መብላት ደግሞ አየር እስኪወጣኝ ተከለከልኩ። ነርሷ በመጣች ቁጥር «እናቴ፣ ወጣ?» ትለኛለች፣ «አልወጣም» እላለሁ። ከጎኔ የተኛችው የሃዶንግ አገር ሴትዮ «አታፍሪ፣ ልቀቂው፣ እኛ ሬዲዮውን ከፍ እናደርግልሻለን» ትለኛለች። በመጨረሻ ሲወጣ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበልኝ! በዚህ ዕድሜዬ ለፈስ ተጨበጨበልኝ፣ ጆምሱን። ወዲያው የሩዝ አጥሚት መጣ። ጨው እንኳ የለውም። ሳህኑን እስክፍቅ በላሁት። የሃዶንጓ ሴት «የማን እናት እንበልሽ?» ስትለኝ ሳላስበው «የዱሆ» አልኳት። ከዚያ እስክወጣ ድረስ በዚሁ ስም ጠሩኝ፤ እኔም አቤት እያልኩ ከረምኩ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። እናታችን በሞተችበት ክረምት ጉልበቷን ወደ ደረቷ ስባ መተኛቷ ትዝ ይልሻል? እግሯን ልንዘረጋላት ስንል ትጮህ ነበር፤ እኛም ጨው አሙቀን ጭኗን እናሽ ነበር። ሐኪሟን ጠየቅኋት፣ «ያላየሁትን ሰው ይህ ነው አልልም» አለች። እኔም ይህ ነው አልልሽም። ግን አንቺ የእሷን አጥንት ነው የወረስሽው። ሱክሂ ደግሞ ከቀብሩ ወዲህ ቀሚሶችሽን ሁሉ አጥብበሽ ሰፋሽ ብላኛለች። ጆምሱን፣ ለዱሆ ብለሽ የተውሽውን እህል ዱሆ አልበላውም። ብይ። ሆድሽ ተነፍቶ ጭንሽ ከታመመ ደግሞ ሁለቱንም ለአንድ ሐኪም፣ በአንድ ቀን፣ ብሽሽት የሚለውን ቃል ሳትውጪ ተናገሪ። እዚያ አገር ሆድና ጀልባ ለየብቻ ስም አላቸው አሉ፤ ታድላችኋል።

ትናንት ከሄራንና ከናሬ ጋር ጉብታውን ወጣሁ። ካቡን አለፍኩት። የመከር በዓል ስለቀረበ ሄራን ሳሩን አጨደች። በወጋችን እናት ለልጇ መቃብር ስለማትሰግድ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አረሙን ነቀልኩ። ስንወርድ የጎንዱ እናት በሯ ላይ ቆማ ዓሣ ታሰጣለች። አየችኝ፣ የያዘችውን ዓሣ አስቀመጠችና «የዱሆ እናት፣ በልተሻል?» አለችኝ። «አልበላሁም፤ ምን ሠርተሻል?» አልኳት። ሴትዮዋ ደነገጠች። ከዚያ በሩን በሰፊው ከፈተችልኝ፤ ገብቼ ሁለት ሳህን በላሁ።

ለሱክሂ አባት ጨዉን ይቀንስ በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ስሚልኝ። ሱክሂ ስለነገረችኝ ነገር እንዳትቆጫት፤ አክስትሽ ታመሰግንሻለች በያት። ሄራን ትስምሻለች። ናሬ የሳለችልሽ ጀልባ እዚሁ ወረቀት ጀርባ ላይ አለ፤ ሆድ ነው ብላ ትከራከራለች። አንቺ ግን ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ፣ በልተሽ እንደሆነ እውነቱን ጻፊልኝ።

እህትሽ፣
የዱሆ እናት

ናምሄ ደሴት፣ ሚጆ ወደብ
በዝንጀሮው ዓመት፣ በነሐሴ የመጨረሻው እሑድ