የተደፋው እንስራ

ውድ እትዬ ኡርጌ፣

ይህን የምታነብልዎ ልጅዎ ዱሬቲ ናት። ዱሬቲ፣ ወደ ኦሮምኛ ስትመልሺው እንዳታለሳልሺው። የሚያሳፍረኝ ቦታ ላይ ስትደርሺም እንዳትዘልዪው። የመቱው ጽሑፍ ሠሪ ሽበሺ ነኝ።

እትዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያዮ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ያስቀረኝ መንገዱ አይደለም። ፊትዎን ማየት ከብዶኝ ነው።

እንጀራዬ ምን እንደነበረ ያውቃሉ። ነሐሴ ሲጋመስ ቀበሌው፣ የገበሬው ማኅበር፣ የሴቶቹ ማኅበር፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሁሉም ቀይ ጨርቅ ይዞ ሱቄ በር ላይ ይሰለፋል። እስከ አብዮት በዓል ድረስ መፈክር ስጽፍ እሰነብታለሁ። ቀይ ላይ ነጭ። ፊደሎቼ ወፍራምና ቀጥ ያሉ ነበሩ፣ ከአደባባዩ ማዶ ይነበባሉ። ከጎሬ እስከ በደሌ እንደ ሽበሺ የሚጽፍ የለም ይባል ነበር፤ እኔም ይህንን አምን ነበር። በዓሉ ሲያልፍ የሻይ ቤትና የልብስ ሰፊ ታፔላ እሠራለሁ። እሱንም ቢሆን እጄ ስለለመደ መደቡን ቀይ ነበር የምቀባው።

በሰባ ስምንት ኅዳር ላይ የጤና ረዳቱ አብደታ መጣ። ያዮ፣ ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች ከሰፈሩበት በላይ ያለው ምንጭ ተበክሏል አለኝ። የቡና ቅርፊት የሚጣልበት ጉድጓድ ወደ ምንጩ መስረግ ጀምሯል፤ ውሃው ግን ሲያዩት ኩልል ያለ ነው። «የማያምን ሰው ይጠጣዋል፤ ስለዚህ ሰሌዳ ሥራልኝ፣ ከሩቅ የሚታይ» አለ።

ሠራሁ። ሰፊ ጣውላ ላይ «ይህን ውሃ አትጠጡ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩም በኦሮምኛ «ሂን ዱጊና» ብዬ ደገምኩት። ቀይ ላይ ነጭ። እዚያው ምንጩ አፍ ላይ አቁሜው ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጥ መስሎኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን አብደታ ሰው ላከብኝ። ስደርስ ከሰፋሪዎቹ አንዷ፣ ተሻለች፣ የአራት ዓመት ልጇን ቀብራ ተመልሳ ነበር። ሌሎች ስድስት ልጆች ታመው ተኝተዋል። እርስዎ ከሴቶቹ ጋር በሯ ላይ ተቀምጠዋል። ያን ዕለት አላውቅዎትም ነበር። ቤታቸውን በአፈርና በከሰል የሚያስጌጡት ሴትዮ ሲባል ብቻ ሰምቻለሁ።

መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ጠየቅኋት።

«ተሻለች፣ ምንጩ ጋ ሰሌዳ አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ማንበብ አትችዪም?»

«እችላለሁ። የመሠረተ ትምህርት ወረቀት ተሰጥቶኛል።»

«ታዲያ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «መፈክር መስሎኝ ነው» አለች።

አንድ ሽማግሌ «እኔ እንኳ ሳልፍ እጄን አንስቼለታለሁ» አሉ። የሚስቅ አልነበረም። በአገሩ ውስጥ ያለ ቀይ ሰሌዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚናገረው። ሰው ሳያነበው አልፎት መሄድን ተምሯል፤ ካስተማሩት አንዱ እኔ ነኝ።

እርስዎ ያኔ ተነሡ። «ና፣ ሰሌዳህን አሳየኝ» አሉኝ። ምንጩ ጋ ስንደርስ ፊደሎቼን ብዙም አላዩዋቸውም።

«ነቅለህ ገልብጠው» አሉ።

ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ጣውላ ነው። የቀለም ሳጥኔን ከፍቼ ብሩሽ ዘረጋሁልዎ።

«ያዘው። ጣት አለኝ።»

«ቀዩን ልበጥብጥልዎ?»

«ቀዩን ከዚህ አርቅልኝ» አሉ፤ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው፣ «ቀይ ለበዓልህ አስቀምጠው፣ ልጄ» አሉኝ።

ጣትዎን ነጩ ውስጥ ነከሩ። አንድ መስመር ከላይ ወደ ታች ሳቡ፤ የሴት ጀርባ ሆነ። ሁለተኛው ሲጨመር ሴትዮዋ እየሄደች ነበር፣ ከኛ ርቃ። ከዚያ በአውራ ጣትዎ እንስራውን ጀርባዋ ላይ አዘሉላት፣ አፉ ወደ ታች የተደፋ። ከዚህ ሌላ የጨመሩት ነገር የለም። ጣትዎን በሣር ጠርገው ወደ ለቅሶው ተመለሱ።

እኔ ግን ጣውላውን መልሼ አቁሜ እዚያው ቀረሁ። ሃያ ዓመት ቀለም ይዤ ስኖር እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ሴትዮዋ ፊት የላትም፣ ግን ማዘኗ ይታወቃል። ትከሻዋ ላይ ነው ያለው። ቀርበው ሲያዩት አንድ ጋት የማይሞላ መስመር ነው፤ እንዴት እዚያ እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለት ሴቶች እንስራ ይዘው መጡ። ከሩቅ ቆሙ።

«ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው እንስራዋን የደፋችው?» አለች አንደኛዋ።

«ባዶዋን እየተመለሰች ነው።»

«ውሃው እኮ ይኸው አለ።»

«እያለ ነው ባዶዋን የተመለሰችው» አለች ሁለተኛዋ፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እንሂድ።»

ሄዱ። ያዮ በዚያ ውሃ ሌላ ልጅ አልሞተም።

አሁን የሚያሳፍረኝ ላይ ደረስኩ።

በዓመቱ ጣውላውን ምስጥ በላው። እኔ ሥዕሉን በቆርቆሮ ላይ ገልብጬ ሠርቼ ተካሁት። እስከዚህ ጥፋት የለበትም። ከሥሩ በስተቀኝ ግን «ሠዓሊ ሽበሺ» ብዬ ጻፍኩ። መቱ በተደረገው የሥዕል ትርዒትም ያንኑ በሌላ ቆርቆሮ ሠርቼ አቀረብኩ። የባህል ክፍሉ ጓድ በዳሳ ቆርቆሮው ፊት ረጅም ጊዜ ቆመና «ይህን ሐሳብ ከየት አመጣኸው?» አለኝ። «ከራሴ» አልኩ። ቃሉ ሳላስብበት ነው የወጣው፤ ለመመለስ ግን ብዙ ቀን ነበረኝ፣ አልመለስኩትም። በዚያው ሥዕል ምክንያት አዲስ አበባ ለሥልጠና ላኩኝ። ስመለስ ያለ ፊደል የሚናገር ታፔላ የሚሠራ ሰው ተባልኩ። ለልብስ ሰፊው መርፌና ክር፣ ለጸጉር አስተካካዩ አንድ የተላጨ ማጅራት። ከነሐሴ እስከ ነሐሴ ሥራ አላጣሁም። እንጀራዬ ከእርስዎ አውራ ጣት ነው የወጣው።

እርስዎ ገበያ ሲሄዱ በዚያ ምንጭ ነው የሚያልፉት። ስሜን በየሳምንቱ ያዩታል። ማንበብ ስለማይችሉ አያውቁም እያልኩ ስጽናና ኖሬያለሁ። ይህንን መጻፍ ከሁሉም ከበደኝ።

ባለፈው ወር ለሥራ ወደ ኡካ ሄጄ ነበር። መንገድ ላይ አንድ የበሰበሰ የግንድ ድልድይ አለ፤ ከመሻገሪያው በፊት ያለው ድንጋይ ላይ በከሰል አንድ ነገር ተስሏል። ቀርቤ አየሁት። የተደፋ እንስራ ነው። ሴትዮዋ የለችም፣ እንስራው ብቻ። ዞሬ በታች በኩል ተሻገርኩ። ኡካ ስደርስ የወፍጮ ቤቱ በር ተዘግቷል፤ በሩ ላይ በጠመኔ የተደፋ እንስራ። ጠላ ቤቷ በር ላይ ሌላ። እኔ አልሣልኩትም። ያስተማርኩትም ሰው የለም።

ጅራታ የሚባለው ባለወፍጮ ጥላ ሥር ተጋድሟል።

«ይህን ማን አሳየህ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«በርህ ላይ ያለውን።»

«ናፍጣ የለም ማለት ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። ማን ጀመረው ነው የምልህ።»

«አንተ ጽሑፍ ሠሪ አይደለህ? ሀ የሚባለውን ፊደል ማን እንደጀመረው ንገረኝና እኔም እነግርሃለሁ» ብሎ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ።

እዚያው በሩ ፊት ቆሜ ቀረሁ። እኔ ለሰው ሁሉ የሚታይ ፊደል ስጽፍ ኖሬ የሚያነበው አላገኘሁም። እርስዎ ያንን ዕለት በሣር ጠርገውት የሄዱት ነገር አገሩን በእግሩ እየዞረ ነው። የማያነቡት ያነቡታል፣ የማይጽፉት ይጽፉታል። ሰው በሕይወት እያለ እንዲህ ያለ ነገር ሲወለድ ያያል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መቱ እንደተመለስኩ የውሃ ሥራ መሥሪያ ቤቱ የአውራጃውን የተበከሉ ምንጮች በሙሉ በዚያ ምልክት እንድሠራ ጠራኝ። ቅጹ ላይ «የሥዕሉ ባለቤት» የሚል ቦታ አለ። «ኡርጌ፣ ያዮ» ብዬ ሞላሁ። ጓድ በዳሳ አስጠራኝ።

«አዲስ አበባ የላክንህ በምን ሥራ መስሎህ ነው?»

«በእሳቸው ሥራ።»

«ታዲያ ውሸታም ልበልህ?»

«ይበሉኝ።»

ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተተና ሂድ አለኝ። ሥራውን ይሰጡኝ ይሆናል፣ ወይም የሠለጠንኩበትን ወረቀት ይነጥቁኛል። እስካሁን አልታወቀም።

የእኔና የእርስዎ ጉዳይ ግን የእነሱን መልስ አይጠብቅም። የፊታችን ቅዳሜ፣ ሰው ወደ ገበያ በሚወርድበት ሰዓት፣ ምንጩ ጋ እገኛለሁ። ስሜን በሰው ፊት በጋዝ አጠፋዋለሁ። ለምን እንደማጠፋው የጠየቀኝን ሁሉ እነግረዋለሁ፤ ተሻለችንም ጭምር። በቦታው የእርስዎን ስም ልጻፍ ወይስ ባዶውን ልተወው፣ ያንን እርስዎ ይወስኑ። መምጣት ካልፈለጉ ዱሬቲን ይላኩልኝ። ማንም ካልመጣ ባዶውን ትቼው እመለሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ሽበሺ ገብረ ማርያም
መቱ፣ ጥር 1981